ያገለገለ የቪዲዮ ካሜራ፦ ፒኤምደብሊው-200 ወይስ ኤንኤክስ100?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ሠርግና የጥምቀት በዓል እቀርጻለሁ። ሁለቱ ያገለገሉ የሶኒ ካሜራዎች በተቀራራቢ ዋጋ ቀርበውልኛል፤ የትኛውን ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ፒኤምደብሊው-200 ሦስት የግማሽ ኢንች ሴንሰሮች (ብርሃን ተቀባዮች) ስላሉትና ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዘው በ4:2:2 ስለሚቀርጽ፣ በኤዲቲንግ ጊዜ ቀለሙን ለማስተካከል ሰፊ ዕድል ይሰጥዎታል፤ ሆኖም የሚቀርጽበት ኤስባይኤስ የተባለው ማስታወሻ ካርድ ውድ ነውና፣ አብሮ ካልተሸጠልዎ ካሜራውን ይተዉት። ኤንኤክስ100 በተራ ኤስዲ ካርድ ይሠራል።

ሌላ መልስ፦ ከሞዴሉ በፊት ሌንሱን ይመርምሩ። በስልክ መብራት ከጎን ሲያበሩበት ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል፤ የዙም ቀለበቱን በዝግታ ሲያዞሩትም፣ አቧራ የገባበት ከሆነ ይንኮሻኮሻል። እኔ ይህን ሳላይ ገዝቼ፣ ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ዳር ዙሙ ተቀርቅሮ ቀረብኝ (ሻጩማ ስልኩን አላነሣም)። ፒኤምደብሊው-200 እስካሁን ስንት ሰዓት እንደሠራ ደግሞ ከሜኑው ያንብቡ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሻጩ የሚሰጠኝ አንድ የኤስባይኤስ ካርድ ብቻ ስለሆነ፣ ፒኤምደብሊው-200ን ትቼ የኤንኤክስ100ን ሌንስ ነገ በመብራት አየዋለሁ።