ወገበ ቀጭኗ ተርብ አባጨጓሬውን ቀበረችው፤ ምን ዓይነት ናት?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሸዋማ መንገድ ዳር አንዲት ተርብ አየሁ። ወገቧ ክር ያክላል። ሆዷ ከፊቱ ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር ነው። ከእሷ የሚበልጥ አረንጓዴ አባጨጓሬ በጀርባው ገልብጣ፣ አንገቱን በመንጋጋዋ ነክሳ ስትሄድ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ከተተችውና በአፈር ዘጋችው። ከዚያ ጠጠር በአፏ ይዛ አፈሩን ጠቀጠቀችው! ፎቶ አለኝ። ስሟ ማነው? አባጨጓሬውስ ሞቷል? ከፍቼ ልየው?

መስክ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ እባክህ አትክፈተው። አባጨጓሬው ሽባ ሆነ እንጂ አልሞተም። በሆዱ በኩል፣ የነርቭ ቋጠሮዎቹ ያሉበትን እየመረጠች ነድፋዋለች። ጎኑ ላይ አንዲት እንቁላል ጥላለች። እጯ ስትፈለፈል ያልበሰበሰ ምግብ ይጠብቃታል። ከነካካኸው የእናቲቱ ልፋት መና ይቀራል።

አሞፊላ ከሚባለው ወገን ትመስላለች። ከ200 በላይ ዝርያ አለው፤ ብዙዎቹ ቀይና ጥቁር ናቸው። በፎቶ ብቻ ስም ለመስጠት አልደፍርም። ፖዳሎኒያ የምትባል ዘመዷም አለች። አንድ ነገር ንገረኝ፦ ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ነበር? አሞፊላ ቆፍራ፣ አፉን ለጊዜው ደፍና ነው ለአደን የምትወጣው። ፖዳሎኒያ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ታድናለች።

ጠጠሯን ስላየህ ግን እንዴት ደስ አለኝ! ፔክሃም የተባሉ ባልና ሚስት በ1898 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ ይህንኑ አይተው ጽፈዋል። በነፍሳት ዓለም መሣሪያ ይጠቀማሉ ከሚባሉት ጥቂቶች አንዷ ናት።

የንብ ልጅ፦
ሰው ትነድፋለች?

መስክ ወዳድ፦
ካልጨበጥሻት አትነካሽም። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የምትጠብቀው መንጋ የላትም። ወንዱ ደግሞ መንደፊያም የለው።

ጠያቂው፦
ጉድጓዱ ቀድሞ ነበር! አባጨጓሬውን አስቀምጣ፣ የደፈነችበትን ጠጠር አነሳች። ገባች፣ ዞራ ወጣችና ወደ ውስጥ ጎተተችው። አንዲት ግራጫ ዝንብም ከኋላ ከኋላዋ ስትከተላት ነበር።

መስክ ወዳድ፦
በቃ፣ አሞፊላ ናት ማለት ይቻላል። ዝንቧ ሌባ ናት። ትንንሽ እጮቿን አባጨጓሬው ላይ ትጥላለች፤ እነሱም የተርቧን ልጅ ስንቅ ይጨርሱታል።

ከቻልክ ነገ ጠዋት ተመለስ። አንዳንዷ አንድ ትልቅ አባጨጓሬ ከታ በዚያው ትረሳዋለች። አሞፊላ ፑቤሰንስ የምትባለው ዝርያ ግን ጠዋት ጠዋት ጉድጓዶቿን እየከፈተች ታያለች፤ የሚጨመረውንም አባጨጓሬ የምትወስነው ያኔ ነው። ቤረንድስ የተባለ ሆላንዳዊ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። የብዙዎቹ ዝርያዎች አኗኗር ግን እስካሁን በቅጡ አልተጻፈም። ወደዚያው ጉድጓድ ሌላ አባጨጓሬ ይዛ ከመጣች ሰዓቱንና የአባጨጓሬውን መጠን መዝግብልኝ። ከፎቶው ይልቅ እሱ ይጠቅመናል።