ከሱፍ ልብስ ጋር የሚደረግ ካልሲ፦ ከሱሪው ወይስ ከጫማው ጋር ይመሳሰል?

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት አባላት። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ እዚህ ግባ የማይባል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ አሳፍሮኛልና የምታውቁ ሰዎች በቅንነት እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራችን ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ በመሆኑ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱፍ እንለብሳለን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቼ፣ ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ጭቃ በቦቲ አቋርጬ፣ ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ በፌስታል የያዝኩትን የቆዳ ጫማ እቀይራለሁ። ማታ ቤት የምገባው 1 ሰዓት ላይ ስለሆነ አንድ ካልሲ እግሬ ላይ አሥራ ሦስት ሰዓት ይውላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው እፍረት የደረሰብኝ በፍልሰታ ነው። ለቅዳሴ ሄጄ ጫማዬን ደጃፉ ላይ ሳወልቅ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ካልሲውን ቀድዶ ወጥቶ አገኘሁት። ካልሲውን ከአንድ ሱቅ በደረቴ ከገዛሁት ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ አንዱን እግሬን በሌላው ላይ ደርቤ ቆምኩ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ለአክስቴ ልጅ ሽምግልና ከተላኩት ሰዎች ጋር እኔም ገብቼ ነበርና፣ በሙሽራዋ ቤተሰብ ቤት ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ሱሪዬ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ካልሲዬም ወደ ታች ተንሸራተተ፣ በመካከላቸው ባዶ ቅልጥሜ ታየ። ከጎኔ የተቀመጡት ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ እግሬን፣ አንድ ጊዜ ፊቴን አዩና ምንም ሳይናገሩ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ እግሬ ሳብ አደረጉልኝ።

ለመልስ የተቀጠርነው መስከረም ላይ ነው። ያሉኝ ሱፎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ግራጫ። ጫማዎቼም ሁለት ናቸው፤ ጥቁርና ቡናማ። የካልሲው ቀለም ከየትኛው ጋር መሄድ አለበት? ርዝመቱስ እስከ የት ነው? ቶሎ የማይቀደድና የማይንሸራተትስ ከምን የተሠራው ነው?

ልብስ ሰፊው ከጀሞ

ወንድሜ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሱፍ ስሰፋና ሳሳጥር የኖርኩ ሰው ነኝና በማውቀው ልመልስልህ። ካልሲ ከሱሪ ጋር ይመሳሰላል። ሰው ሲቀመጥ ከሱሪው ጫፍ እስከ ጫማው አፍ የሚታየው ክፍል የሱሪው ቀለም ከሆነ እግሩ አንድ ወጥ ሆኖ እስከ ጫማው ይወርዳል፤ የጫማው ቀለም ከሆነ ግን ቡትስ ያደረገ መስሎ እግሩ ያጥራል። ስለዚህ ለጥቁር ሰማያዊው ሱፍ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለግራጫው ደግሞ ጠቆር ያለ ግራጫ ግዛ። ልክ የሱሪውን ቀለም ካጣህ ጠቆር የሚለውን ምረጥ እንጂ ነጣ የሚለውን አትምረጥ። ጥቁር ካልሲ ለሁሉም ይሆናል የሚሉህ ሰዎች ጫማህ ጥቁር እስከሆነ ድረስ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ሰማያዊውን ሱፍ ከቡናማው ጫማ ጋር አድርገህ ጥቁር ካልሲ ስትጨምርበት ከጉልበትህ በታች ሦስት ቀለም ታሰልፋለህ።

የአንተ ዋና ችግር ግን ርዝመቱ እንጂ ቀለሙ አይመስለኝም። እንዲህ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የእግራችን ባት ወፍራም የሚሆነው ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት መሐል ከፍ ብሎ ነው፤ ከዚያ በታች እየቀጠነ ይሄዳል። ብዙዎቻችን የምንገዛው ካልሲ የሚያልቀው ልክ የባቱ ውፍረት ላይ ወይም ከእሱ በታች ስለሆነ፣ በተራመድን ቁጥር ጡንቻው ሲወጠርና ሲላላ ካልሲውን ወደ ቀጭኑ ወገን ይገፋዋል። ላስቲኩ አዲስ ሲሆን ይታገላል፤ ሲደክም ይወርዳል። ከባቱ በላይ አልፎ ከጉልበት በታች የሚያልቀው ረጅሙ ካልሲ ግን በራሱ በባቱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቆም ሊወርድ ቢፈልግም የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ለሽምግልና፣ ለሠርግም ሆነ ለማንኛውም ተቀምጠህ ለምትውልበት ጉዳይ ከዚህ ሌላ አትግዛ። ሱሪ ስትቀመጥ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው፤ አሁን የመጣው ጠባቡ ሱሪማ ከዚያም በላይ ይሰበሰባል። ከቤት ከመውጣትህ በፊት ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጠህ፣ እግርህን አነባብረህ ራስህን ተመልከት። ቆዳህ ከታየህ ለሌላውም ይታያል።

ነጠብጣብና መስመር ያለበትን ለመሥሪያ ቤት ብታደርገው ግድ የለም፤ ለሽምግልና ግን ተወው።

ነጋዴዋ ከለገጣፎ

እኔ መርካቶ ካልሲና የውስጥ ልብስ እሸጣለሁ። ስለ ቀለሙና ስለ ርዝመቱ የተባለው ተገቢ ስለሆነ ስለ ጨርቁ ብቻ ልጨምር።

ደንበኞቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ «መቶ ፐርሰንት ጥጥ አለሽ?» ብለው ነው። ቅር እንዳይላችሁ እንጂ ንጹሕ ጥጥ ከሱፍ ልብስ ጋር ለሚደረግ ካልሲ አይመከርም። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ለቆዳም ይለሰልሳል፤ ብቻውን ሲሆን ግን አንዴ ከተለጠጠ አይመለስም፣ ተረከዙና ጣቱ ላይም ቶሎ ይሳሳል። በካልሲው ማሸጊያ ጽሑፍ ላይ ከመቶ ሰባ አምስት ወይም ሰማንያ እጅ ጥጥ፣ የቀረው በአብዛኛው ናይለን (አንዳንዱ ፖሊአማይድ ብሎ ይጽፈዋል)፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደግሞ ኤላስቴን የሚል ካገኛችሁ ያ ጥሩ ነው። ናይለኑ የሚጨመረው መፋተግን እንዲችል ሲሆን ኤላስቴኑ ደግሞ ተለጥጦ እንዲመለስ ነው። ይህ ኤላስቴን ብዙዎች ላይክራ በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት ክር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት የሠራው ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ካልሲዎች ወይ በጎማ ላስቲክ፣ ወይ ከጉልበት ሥር በሚታሰር ማሰሪያ ነበር የሚያዙት።

መርሰራይዝድ የሚል ጥጥ ካያችሁ ደግሞ አትለፉት። ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ ሲነክረው ክሩ እንደሚጠነክርና ቀለም አጥብቆ እንደሚይዝ አየ፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ኋላ ላይ ክሩን እየወጠሩ መንከር ሲጀመር ወዝም ጨመረ። ካልሲው ስስ ሆኖ የሐር ዓይነት ወዝ ይኖረዋል፤ ከሱፍ ጋር በጣም ያምራል።

ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ጨብጣችሁ ካልሲው ጣት ውስጥ አስገቡትና ወደ ብርሃን ያዙት፤ የእጃችሁ ቆዳ በግልጽ ከታየ ያ ካልሲ ወር አይደርስም። አፉን በሁለት እጅ ለጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተሰበሰበ መልሱት። ገልብጣችሁም የጣቱን ስፌት ዳብሱ፤ እንደ ገመድ የተቋጠረ ከሆነ ቀኑን ሙሉ በጫማ ውስጥ ጣታችሁን ሲቆረቁር ይውላል። ቁጥሩንም እዩ፤ 43 ጫማ የሚያደርግ ሰው ከ39 እስከ 42 የሚል ካልሲ ከገዛ አውራ ጣቱ ቀዳዳ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የጠያቂው ችግር ይህ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

አንድ የንግድ ምስጢርም ላውጣ፤ አንድ ዓይነት ቀለም ሦስት ጥንድ በአንድ ጊዜ ግዙ። አንዱ ቢቀደድ ወይም ቢጠፋ የቀሩት አምስቱ አሁንም ይጣመራሉ።

ጡረተኛው ከሰበታ

ልጄ፣ ሁሉም መልካም መክረውሃል፤ እኔ በሁለት ነገር እለያለሁ።

አንደኛ፣ «ላስቲኩ ጠንካራ ይሁን» የሚለው ለሁሉም ሰው አይሆንም። እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሐኪሜ በመጀመሪያ የከለከለኝ አፉ የሚያጠብቅ ካልሲ ነው። የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ስለሚያደክም፣ የደም ዝውውሩንም ስለሚቀንስ፣ አጥብቆ የሚይዝ ላስቲክም ሆነ የሚቆረቁር ስፌት ሳይታወቅ ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ማታ ስታወልቀው እግርህ ላይ ጎድጎድ ያለ ቀለበት ትቶ ከሄደ፣ ስኳር ባይኖርብህም እንኳ ያ ካልሲ ጠቦሃል። ረጅም ካልሲ የሚቆመው በባት ቅርጽ ነው ብሎ ልብስ ሰፊው ያስረዳው ለእኔ ዓይነቱም ሰው ይጠቅማል፤ ያለ ጥብቅ ላስቲክ መቆም የሚችለው እሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ካልሲ ማንም አላነሣም። ለብርድ አገር ነው እንዳትሉኝ፤ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ነሐሴ ጠዋት እግር ይቆረጥማል። የበግ ጠጉር ከክብደቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት መጥጦም ሲነካ እርጥብ አይመስልም። ስስ ሆኖ የተሠራ ከተገኘ ከሱፍ ልብስ ጋር ይሄዳል። ዋጋው ግን እውነት ለመናገር የሚቀመስ አይደለም፤ እኔም ያለኝ አንድ ጥንድ ነው፣ እሱም ልጄ ከውጭ የላከችልኝ።

ነጭ ካልሲ ከሱፍ ጋር አታድርግ፤ ቦታው ከሀገር ልብስ ጋር ነው። በነጭ ሱሪና በጋቢ ላይ ጥቁር ካልሲ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ወጣት ሳይ ግን ያው ስሕተት ተገልብጦ ይታየኛል።

ስለ ቀዳዳው ደግሞ ካልሲውን ከመውቀስህ በፊት የእግርህን ጥፍር ተመልከት፤ ጥፍሩ ካደገ ከብረት የተሠራ ካልሲ እንኳ አይችለውም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ የተቃጠለ አምፖል ካልሲው ውስጥ አስገብታ በላዩ ላይ ቀዳዳውን በክር ትሸምነው ነበር። አምፖሉ ክቡ ቅርጽ ስላለው ስፌቱ ሳይሸበሸብ ይወጣል። አሁን የሚጥፍ ሰው የለም፤ ካልሲው ግን ያኔም ሆነ አሁን መጀመሪያ የሚሳሳው እዚያው ጣቱና ተረከዙ ላይ ነው።

ጎረቤት ከኮዬ ፈጬ

እኔም እንዳንተ በቦቲ የምወጣ ሰው ነኝ። ጥፋትህ አንዱን ካልሲ በቦቲውም በቆዳ ጫማውም ማድረግህ ነው። ቦቲ ፕላስቲክ ስለሆነ አየር አያስገባም፤ አስፋልት እስክትደርስ ካልሲህ በላብ ይርሳል፣ ከዚያ ያንኑ እርጥብ ካልሲ የቆዳ ጫማ ውስጥ ትዘጋበታለህ። ሽታውን የሚፈጥረው ላቡ ራሱ ሳይሆን ላቡን የሚመገቡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ የሚወዱት ነው። በቦቲው አሮጌ ወፍራም ካልሲ አድርግ፤ ታክሲ ተራው ጋ ጫማ ስትቀይር እግርህን አድርቀህ የሱፉን ካልሲ አድርግ። ከተቻለም አንዱን ጫማ ሁለት ቀን አከታትለህ አታድርገው፤ አንድ ቀን ሲያርፍ ውስጡ ይደርቃል።

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለእርስዎም ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ለባለቤትዎም ነፍስ ይማር። እንደተመከርኩት ቁጥሬን ሳይ በእርግጥም 43 ነኝ፣ ቤት ያሉት ካልሲዎቼ ሁሉ ግን እስከ 42 የሚሉ ናቸው። ቅዳሜ መርካቶ ወጥቼ ከባት በላይ የሚደርስ፣ ሦስት ጥንድ ጥቁር ሰማያዊና ሁለት ጥንድ ግራጫ ገዛሁ። ትናንት በግራጫው ሥራ ውዬ አንድም ጊዜ ጎንበስ ብዬ ሳልስበው ተመለስኩ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። እንዴት ይታጠብ? ደግሞስ ካልሲው ቆዳዬን ቢሸፍነውም ግራጫው ሱሪ ስቀመጥ እስከ ባቴ አጋማሽ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው?

ነጋዴዋ ከለገጣፎ

ገልብጠህ በለብታ ውኃ እጠበው፤ ላቡና የሞተው ቆዳ ያለው በውስጥ በኩል ነው። በረኪና በፍጹም እንዳታስነካው፤ ክሎሪን ኤላስቴኑን ይበላዋል። ጠምዝዘህ አትጭመቀው፣ ከሰል አጠገብም አታድርቀው፤ ሙቀት ላስቲኩን ያደክመዋል። ጥቁር ቀለም ፀሐይ ላይ ስለሚነጣ ጥላ ውስጥ ከጣቱ በኩል ቆንጥጠህ ስቀለው።

ልብስ ሰፊው ከጀሞ

የሱሪው ነገር ከጭኑ ጠቦህ ነው። ስትቀመጥ ጭን ይሰፋል፤ ጨርቁ የሚለቀው ቦታ ካጣ ከታች ወደ ላይ ይጎትታል። ሱሪውን ገልብጠህ የውስጥ ጭኑን ስፌት እየው፤ ከስፌቱ ውጭ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ካለ ይለቀቅልሃል።

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)

ገልብጬ አየሁት፤ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ጣት የሚያህል ትርፍ አለው። ጀሞ የት አካባቢ እንደሆንክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና የሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ። ካልሲዬንም አድርጌ እመጣለሁ።