አንድ ደመወዝ ብቻ ካለ፦ ተጨማሪ መምህር ወይስ ቀሪ ለሚያበዙ ልጆች ባለሙያ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከቤተሰብ ጋር ስከራከርበት የሰነበትኩትን ነገር ይዤ መጣሁ። በሶሻል ወርክ ተመርቄያለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ቀሪ የሚያበዙ ልጆችን ከነቤተሰባቸው እየተከታተልኩ እንድረዳ ሊቀጥረኝ ነው። አጎቴ ግን ደስ አላለውም። ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ ሰው ነው። «ይኼ ደግሞ ሥራ ነው? ለቀሪ ልጅ ከሚከፍሉ መምህር አይጨምሩም?» አለኝ። ንግግሩ ከነከነኝ። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳለ ላቅርበው። ትምህርት ቤቱ ያለው የአንድ ሰው ደመወዝ ብቻ ነው እንበል። ተጨማሪ መምህር ይቅጠርበት ወይስ እንደ እኔ ዓይነቱን ሰው? የምታውቁትን ጻፉ። እኔን ለማበረታታት ብላችሁ ግን አትጻፉ።

ጠመኔ፦
አጎትሽ ልክ ናቸው። የሒሳብ መምህር ነኝ፣ 14 ዓመት ሆነኝ። ልጅ የሚቀረው ክፍል ውስጥ የሚያገኘው ነገር ሲያጣ ነው። ክፍሉ ተጨናንቆ፣ እጁን አውጥቶ ማንም ሳያየው ወር ሲያልፍ፣ ደብተሩ ሳይታረም ሲከርም፣ ቢመጣም ባይመጣም ለውጥ እንደሌለው ይገባዋል። ያን የሚያስተካክለው መምህር ነው እንጂ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ አይደለም። ልጁን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። ስሙን የምጠራው እኔ ነኝ። ትንሽ ፊቱ ሲጠቁር የማውቀውም እኔ ነኝ። ከክፍሌ 15 ልጅ ቢቀነስልኝ የቀሪው ቁጥር በራሱ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ችግር አዲስ ቢሮ መክፈት ልማድ ሆኗል፣ እሱም ሰልችቶኛል።

ደጃፍ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ቀሪ የሚያበዙ ልጆችን በመከታተል ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ስለቆየሁ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። እርስዎ ስም ጠርተው «ቀሪ» ብለው ካሰመሩ በኋላ ምን ይሆናል? ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይደወላል። ሌላ ክፍል ይገባሉ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ጊዜ የለዎትም።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ትንሽ ለውጬ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፣ ከዚያ ወረደ። መምህራኑ ሰነፈ አሉ፣ ወላጅ ይዞ እንዲመጣ ሁለት ጊዜ ታዘዘ፣ አላመጣም። እኔ ስም መጥሪያውን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሬ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። የቀረባቸው ቀናት ከሁለቱ በስተቀር በሙሉ ማክሰኞና ዓርብ ናቸው። ሰነፍ ልጅ ቀን አይመርጥም። ቤቱ ሄድኩ። እናቱ «አሞት ነው» አለችኝ። በሳምንቱ ሄድኩ፣ አሁንም «አሞት ነው»። በሦስተኛው ነው በሩን ከፍታ ግቢ ያለችኝ። ሰኞና ሐሙስ የሌሊት ተረኛ ናት። ጧት ቤት የምትደርሰው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ የትምህርት ቤቱ በር የሚዘጋው 2 ሰዓት። እሷ እስክትመጣ የአሥር ወር ሕፃን የሚይዘው እሱ ነው። እንዳይከሱኝ ብላ ፈርታ ነው የደበቀችው። ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን በእነዚያ ሁለት ቀናት አርፍዶ እንዲገባ ተፈቀደለት፣ በኋላ አክስቱ ጧት ጧት ሕፃኑን መያዝ ጀመረች። ይኸው ነው። ያኔ መምህር ቢጨመር ያ ልጅ ማክሰኞ ይመጣ ነበር?

ሕግ ይከበር፦
ሁለታችሁም ዋናውን ሰው ረሳችሁት። ልጅን ትምህርት ቤት የማድረስ ግዴታ የወላጅ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጁን ያለፈቃድ ያስቀረ ወላጅ ይቀጣል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቅጣቱ 80 ፓውንድ ነው፣ በ21 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ወደ 160 ይወጣል። ባለሙያም መምህርም ከመቅጠር በፊት ወላጅ ኃላፊነቱን ይወቅ። ቸልተኛውን ሁሉ እያባበልን የት እንደርሳለን? እኔ ያደግኩት አባቴ አንድ ቀን ብቀር ምን እንደሚያደርገኝ እያወቅኩ ነው፣ አንድም ቀን አልፎረፍኩም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ቸልተኛ ካልካቸው አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ ስማኝ።

መካከለኛው ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የሚጀምረው እሑድ ማታ ነው፣ «ሆዴን» ይላል። ሰኞ ጧት ይለብሳል፣ ቦርሳውን ያነግታል። አንዱን ጫማ አስሮ ሌላውን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ መነሳት የለም። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ በረዶ ይሆናል። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን ደህና ነው፣ ምግብም ይበላል፣ ስለዚህ ያየው ሰው ሁሉ «እያታለለሽ ነው» ይለኛል። ቆጣሁት። መታሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጎትቼ ወሰድኩት፣ በሩ ላይ አስመለሰው። ከሥራ ሰዓቴ እየተቆረጠ ደመወዜ ቀነሰ። በዚህ ላይ ቅጣት ክፈይ ብባል ልጄ ጫማውን ያስር ነበር?

ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የላከው ሰው ቅጽ ይዞ መጣ። ቆሞ ጠየቀኝ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ልጄ ከክፍሉ አልወጣም፣ ከዚያ ቀን በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደበቃል። ይህንንም የምናገረው ባለሙያ ሁሉ መልካም ነው እንዳይባል ነው። ሁለተኛዋ ካውንስለር ነበረች። ለምን እንደማይሄድ አልጠየቀችውም። «ከትምህርት ቤቱ ውስጥ የትኛው ቦታ ነው የማያስጠላህ?» አለችው። «ላይብረሪ» አላት። የመጀመሪያውን ሳምንት ተማሪ ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ እስከ በሩ ብቻ ሄደን ተመለስን። በሁለተኛው ላይብረሪ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ የሚወደው የሥዕል ክፍለ ጊዜ። እኔንም አስተማረችኝ፣ በትምህርት ሰዓት ቤት ከዋለ ስልክም ቴሌቪዥንም የለም፣ ቁጣም የለም። አንድ ቀን በቀረ ቁጥር የሚሰማው እፎይታ የሚቀጥለውን ቀን እንደሚያከብደው ያስረዳችኝ እሷ ናት። ሦስት ወር ፈጀ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው።

ደጃፍ፦
እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽልን አመሰግናለሁ። ያልሽው እፎይታ የነገሩ እምብርት ነው። ክሪስቶፈር ከርኒ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚሉ ልጆችን ምክንያት በአራት ይከፍሉታል። አንዱ ልጅ እዚያ ካለ ከሚያስጨንቀው ነገር ይሸሻል። ሌላው ሰው ፊት መቆምንና መፈተንን ይሸሻል። አንዱ ከወላጁ መለየት አይፈልግም። የመጨረሻው ውጪ የሚስበው ነገር አለ፣ ጓደኛ ወይም ጨዋታ። አራቱም በስም መጥሪያው ላይ ያው «ቀሪ» ናቸው። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው፣ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይጎዳል። ይህን ለይቶ ማወቅ ትምህርት ይጠይቃል፣ ሙያ የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ ቅጣቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ቅጣት የሚጣለው ልጆቻቸውን በትምህርት ጊዜ ለእረፍት ይዘው በሚሄዱ ወላጆች ላይ ነው። ለእነሱ ይሠራ ይሆናል፣ አልከራከርም። ቴክሳስ ግን ከትምህርት ቤት መቅረትን በወንጀል ትቀጣ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉን ለውጣ ተወችው። የተቸገረ ቤት ላይ ቅጣት ሲጨመር ችግሩ ነው የሚጨመረው።

ሕግ ይከበር፦
የእህታችንን ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ፣ እንዲህ ያለውን ቤት አይቀጣ። ግን እያወቀ ልጁን ሥራ የሚያሠራም አለ። ለእሱስ ማን ይናገር? ሕጉ ከኋላ መቆም አለበት፣ ይህን አልለቅም።

ቁጥር ወዳጅ፦
እኔ ሦስተኛ መንገድ አለኝ። ማንም ሳይቀጠር ወላጅ ይነገረው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ከ28 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ያሳተፈ ጥናት አለ። ለወላጆች የልጃቸውን የቀሪ ቀናት ድምር የሚነግር ደብዳቤ በፖስታ ተላከ። ሥር የሰደደ መቅረት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀነሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ወላጅ ልጁ የቀረበትን ቀን አሳንሶ ነው የሚገምተው። በተለምዶ ሥር የሰደደ የሚባለው ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲቀር ነው፣ አሞትም ይሁን አስፈቅዶ። 180 ቀን ለሚማር ልጅ 18 ቀን ማለት ነው። በወር ሲካፈል 2 ቀን። በወር 2 ቀን ማንን ያስደነግጣል? ለዚህ ነው ሳይታወቅ የሚያልፈው። አሜሪካ ውስጥ ከኮሮና በፊት 15 በመቶ ገደማ ተማሪ ነበር እንዲህ የሚቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021/22 ወደ 28 በመቶ ደረሰ። ለዚህ ሁሉ ልጅ በር የሚያንኳኳ ሰው ከየት ይመጣል?

ደጃፍ፦
ደብዳቤው ይላክ፣ ዛሬውኑ። እኔም ከአንዳንድ ቤት ደርሼ «18 ቀን? የእኔ ልጅ?» ያለችኝን እናት አልረሳም፣ ለእሷ ወረቀቱ ብቻ በቂ ነበር። ግን 10 በመቶ ቀነሰ ማለት ከአሥር ልጅ አንዱ ተመለሰ ማለት ነው። ዘጠኙስ? ሕፃን የያዘውና ጫማውን በእጁ የያዘው ከዘጠኙ ውስጥ ናቸው።

ጠመኔ፦
ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ማክሰኞና ዓርቡ ልጅ መልስ የለኝም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። እኔም ብሆን ሰነፈ ነበር የምለው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ቀሪ ለሚያበዙ ልጆች መካሪ መድባ ነበር። መካሪ ያገኙት ልጆች እንደነሱ ካሉ ካላገኙት ይልቅ በዓመት 9 ቀን ያህል የበለጠ ተገኝተዋል። መካሪዎቹ ግን ሁሉም ሶሻል ወርከር አልነበሩም፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኞችም ነበሩበት። ሥራቸው ጧት ልጁን መቀበል፣ ሲቀር ደውሎ መጠየቅ፣ ሲመጣ ደስ መሰኘት ነው። ይህን እኔ እችለዋለሁ! በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ይቀነስልኝና አምስት ልጅ ስጡኝ። ለዚህ ዲግሪ ምን ያደርጋል?

ደጃፍ፦
ልክ ነዎት መምህር፣ በዚህ አልከራከርዎትም። በወር ሁለት ቀን ለሚቀረው ልጅ ጧት ስሙን ጠርቶ ፈገግ የሚልለት ሰው ይበቃዋል፣ ከእርስዎ የተሻለም የለም። ከባዱ ግን በር ላይ ላብ ያጠመቀው ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ ዱላ ያለበት ልጅ ነው፣ እናቱ ከአልጋ የማትነሳ ልጅ ነው። እነዚህን ይዞ ጤና ጣቢያም ፍርድ ቤትም ቀበሌም የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፣ ያም ክፍል እየጠበቀዎት አይሆንም። ሙያውም ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 እና በ1907 ኒውዮርክ፣ ቦስተንና ሃርትፎርድ ውስጥ «ጎብኚ መምህራን» የሚባሉ በትምህርት ቤትና በቤት መካከል እንዲመላለሱ ተመድበው ነበር። የትምህርት ቤት ሶሻል ወርክ የተጀመረው በእነሱ ነው። ስማቸውን ልብ ይበሉልኝ፣ መምህራን ነው የተባሉት።

እህቴ ጠያቂዋ፣ ላንቺ ደግሞ አንድ ምክር። አሜሪካ ውስጥ የሙያ ማኅበራቱ ለአንድ ሶሻል ወርከር ከ250 ተማሪ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ሺህ ልጅ ሰጥተው ፋይል ቤቱንም አብረሽ ያዢ ካሉሽ ያ የጸሐፊ ሥራ ነው። ማንም ቤት ሳትደርሺ ዓመቱ ያልቃል።

የሦስት ልጆች እናት፦
የቅጣት ወረቀት ደግሞ በእሷ እጅ እንዳይላክ። ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው በሬን ከፍቼ እውነቱን አልናገርም። ሕግ ካስፈለገ ሌላ ሰው ይምጣ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአጎቴ አነበብኩለት። የእናቲቱ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም፣ «መምህር ይቀድማል» ነው የሚለው፣ «ከመምህሩ ጋር ከሠራሽ ግን እሺ» ብሎ አከለ። ኀሙስ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ስንት ልጅ በእኔ ስር እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ቤት ለመሄድ ከግቢ መውጣት ይፈቀድልኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። የቅጣት ደብዳቤ የማደርሰው እኔ ከሆንኩ አልገባበትም። እስከዚያው መምህር ጠመኔ ያሉት አራት ክፍለ ጊዜ እንዲፈቀድ ማን ዘንድ መጮህ እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጠመኔ፦
እሱን እኔም አላውቅም፣ ስታገኚው ንገሪኝ። የእኔን ስም መጥሪያ አሁን አውጥቼ ሳየው ነበር። አንዲት ልጅ አለች፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅ የሌላት። ከስምንት ቀሪዋ ስድስቱ ረቡዕ ነው። ረቡዕ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ነው። ነገ የስፖርት መምህሯን ላናግራት ነው።