ቀበርቾ ማጨስ ቫይረስ ያጠፋል ወይ?

ሚሚ፦ ሰላም ጓዶች፣ እናቴ ጉንፋን ገባ ብላ ቤቱን በቀበርቾ አጥናው ልታፍነን ነው 😅 እውነት ሥር ውስጥ ቫይረስ የሚከላከል ነገር አለ እንዴ?

ኬሚስቱ፦ ስለ ጭሱ እንጃ፣ ግን አንዳንድ ሥር ላይ አለ። ሊኮሪስን ውሰጂ፣ አረብ አገር ያላችሁ በረመዳን የምታዩት ጥቁሩ ኢርቅሱስ የሚሠራበት ሥር ማለት ነው፣ ግሊሲሪዚን የሚባል በጣም ጣፋጭ ነገር አለው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ላብራቶሪ ውስጥ ከባድ የሳንባ በሽታ የሚያመጣው የሳርስ ቫይረስ እንዳይራባ ሲያግደው አይተዋል። በሰው ሳይሆን በሴል ላይ ነው ግን፣ የተጠቀሙት መጠንም ብዙ ነው።

የዱባዩ፦ በቃ ዛሬውኑ አንድ ጆግ ጠጣሁ 😂

ኬሚስቱ፦ ኧረ ቀስ ወንድሜ! ሲበዛ የደም ፖታሲየም ያወርዳል ግፊት ይጨምራል፣ የግፊት ኪኒን ከጀመርክ ኢርቅሱሱን ጭራሽ ተወው። ሚሚ ደግሞ አስም ያለበት ካለ መስኮቱን ክፈቺ፣ እማማ ቢቆጡም።