ለመንዝ ጓሳ የፀሐይ ኃይል መቅረጫ ሣጥን፦ የጋራ ማመልከቻው የዕቃና የአሠራር ክፍል

ጸሐፊ፦ ዓላማው ላይ ተስማምተናል፦ የጓሳን ሣርና ግጦሽ ሲያስጠብቅ የኖረውን የቄሮ ሥርዓት (የአካባቢው ሰው ግጦሹን በጋራ የሚጠብቅበትን የቆየ ደንብ) ከአረጋውያን አፍ መቅዳት፣ ቀረጻውንም የአካባቢው ወጣቶች ራሳቸው እንዲሠሩት ማሠልጠን። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ስለፈረሰ ለአቅመ አዳም ደርሰው ያዩት ሰዎች ዛሬ ወደ ሰባ የተጠጉ ወይም የተሻገሩ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ባናሳድረው ደስ ይለኛል። የዕቃውን ረቂቅ አይታችሁ አርሙት።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ ባለ100 ዋቱ ፓኔል አይበቃም። ሁለት ላፕቶፕ በ30 ዋት ለ4 ሰዓት 240 ዋት-ሰዓት፣ ራስበሪ ፓይ (ቀረጻዎቹን በዋይፋይ የሚያካፍለው ትንሽ ኮምፒውተር) በ6 ዋት ለ8 ሰዓት 48፣ ስድስት ስልክ እያንዳንዱ 15 ሲታሰብ 90፤ ድምሩ 378 ነው። 100 ዋት በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ፣ ብክነቱ 30 በመቶ ሲቀነስ 350 ብቻ ይሰጣል። 120 ዋት እናድርገው፣ 420 እናገኛለን። ባትሪው ባለ12.8 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ፎስፌት ይሁን። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚለውጠው ኢንቨርተር ይውጣ፤ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ባትሪ ይበላል፤ ላፕቶፑ ከ12 ቮልቱ በዩኤስቢ-ሲ ይሞላል። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ላይ መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ ፓኔሉ ይታሰራል፤ ሲፈታ ፓኔሉ ይቀድማል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ውስጡ ይበላሻል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ይደር፤ ጠዋትም ፀሐዩ ሳይሞቅ አይሰካ።

አባል ከሜሪላንድ፦ ለጥምቀት ስመጣ ባትሪውን ይዤላችሁ ልምጣ?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ አይ ወንድሜ፣ 640 ዋት-ሰዓት ነው። ከ160 በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ መንገደኛ ይዞ አይሳፈርም። እሱን አዲስ አበባ እንግዛ፤ አንተ መቅረጫውንና ማይክሮፎኖቹን ያዝልን።

የድምፅ ባለሙያ፦ ማይክሮፎን ካልክ አይቀር የነፋስ መከላከያ ጸጉሩን እንዳትረሳ። ቀረጻ ሲጀመር መቅረጫው ከቻርጅ ይነቀል፤ ከኮንትሮለሩ የሚመጣው ረብሻ በሽቦው ገብቶ ቀጭን ፉጨት ይሆናል፣ በኋላም ከሰው ድምፅ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። ትንሿ ማይክሮፎን በርኖስ ሥር ከገባች ሱፉ ሲፋተግ ንግግሩን ይሸፍነዋል፤ ከላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ትሰካ። ሳይጨመቅ በ48 ኪሎኸርዝ 24 ቢት ሞኖ የተቀዳ አንድ ሰዓት 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ባለ32 ጊጋ ካርድ 60 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ወደ ኤምፒ3 የምንጨምቅበት ምክንያት የለም።

የኮምፒውተር አሠልጣኝ፦ ራስበሪ ፓይ 4 የራሱ ሰዓት የለውም። ኢንተርኔት በሌለበት ጠፍቶ ሲነሣ የተሳሳተ ቀን ይዞ ስለሚቀጥል የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ይምታታል። ዲኤስ3231 የሚባለው የሰዓት ክፍል ከነክብ ባትሪው ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ወጣቶቹም ከመጀመሪያው ቀን አንድ ደንብ ይልመዱ፦ የፋይል ስም በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ከቀረጻው ጋር በሚሞላው ቅጽ ላይ በእኛው። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀዳ ኮምፒውተሩ ላይ 8 ሆኖ ሲያገኙት እንዳይደናገሩ። ቅጂው ላፕቶፕና ድራይቭ ላይ ገብቶ፣ ተከፍቶ ሳይደመጥ ካርዱ አይጥፋ። ሁለቱ ቅጂዎች በተለያየ ቤት ይደሩ።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የግጦሽ ወሰን ሲነሣ የማን አባት የት ያግድ እንደነበር መነገሩ አይቀርም፣ ያ ደግሞ ዛሬም ሰው ያጣላል። ፈቃዱ በተናጋሪው ድምፅ ይቀዳ፣ ሲያልቅም መልሶ ሰምቶት «ይህ ለሁሉ፣ ይህ ለቤተሰብ ብቻ» ብሎ ራሱ ይለይ።

የኮምፒውተር አሠልጣኝ፦ እንግዲያው ሁለት ፎልደር ይበቃል፤ «ለቤተሰብ» የሚለው የይለፍ ቃል ይኑረው፣ ወደ ራስበሪ ፓይውም አይገልበጥ። እሱ ላይ ያለውን በዋይፋይ የተገናኘ ሁሉ ያገኘዋል።