ለሂሉክስ የሆድ መከላከያ ብረት፦ በውፍረቱና በአገጣጠሙ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

ከሰመራ በአፍዴራ በኩል ወደ ኤርታሌ የሚመላለስ ቶዮታ ሂሉክስ አለኝ። በዚያ መንገድ ያለው የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እጅግ ስለታም በመሆኑ፣ ከፋብሪካ የመጣው ስስ የሞተር መከላከያ ተጨራምቶ የዘይት መያዣውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ስለዚህ ከራዲያተሩ ሥር ጀምሮ እስከ ካምቢዮው የሚደርስ ጠንካራ መከላከያ ማሠራት እፈልጋለሁ።

አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ተቧጥጦ ስለሚይዝ፣ ብረት ግን ስለሚንሸራተት ብረቱን መርጫለሁ። ያልቆረጥኩት ውፍረቱን ነው፦ አንድ ካሬ ሜትር ብረት በ3 ሚሊሜትር 23.5 ኪሎ ግራም፣ በ5 ሚሊሜትር ደግሞ 39 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በአብዛኛው በፊት ሞላዎች ላይ ነው። ባለ 3 ሚሊሜትሩ ጠርዙ ቢታጠፍና ከላይ በኩል ማጠናከሪያ ቢበየድለት ይበቃል ትላላችሁ?

ይበልጥ ያሳሰበኝ አገጣጠሙ ነው። የጋራዡ ባለሙያ በቀጥታ ሻንሲው ላይ እንበይደው ይላሉ፤ እኔ ግን ዘይትና ፊልትሮ በተቀየረ ቁጥር መፈታት ስላለበት፣ የብየዳው ሙቀትም ሻንሲውን እንዳያዳክም ስለምሰጋ፣ በቡሎን እንዲታሰር እሻለሁ። ታዲያ የቡሎኖቹን ራስ ድንጋይ እንዳይልጠው እንዴት ይደበቃል? ደግሞስ የአፍዴራ ጨዋማ ጭቃ መከላከያው ላይ ተጠራቅሞ ብረቱን እንዳያዝገው፣ የካምቢዮውም ሙቀት እንዳይታፈን፣ ቀዳዳዎቹን የት የት ላስበሳ? በዚህ መንገድ የምትሠሩ ሾፌሮችና መካኒኮች ያሠራችሁትን በዝርዝር ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።