ኒውስሬዲዮን ከየት እንጀምር? አምስተኛው ሲዝንስ ይታያል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ! ኒውስሬዲዮ የሚባለውን የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ድሮ ቆራርጬ ነው ያየሁት፤ አሁን ከእህቴ ጋር እንደ አዲስ ልናየው ነው። እሷ ጆ ሮጋንን የምታውቀው በፖድካስቱ ብቻ ስለሆነ "ተዋናይ ነበር እንዴ?" ብላ ነው የጓጓችው። የመጀመሪያውን ሲዝን ብንዘለው ምን ይቀርብናል? ተዋናዩ ፊል ሃርትማን ከሞተ በኋላ የተሠራውንስ እንየው ወይስ አራተኛው ላይ እናቁም?

አንደኛ መላሽ፦ ኧረ እንዳትዘሉት! 7 ክፍል ብቻ ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። በመጀመሪያው ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴቭ ከዊስኮንሲን መጥቶ ኒው ዮርክ ያለ የሬዲዮ ጣቢያ የዜና ኃላፊ ሆኖ ሥራ ይጀምራል፤ የቀድሞው ኃላፊ ግን መባረሩን ገና አልሰማም። የጣቢያው ባለቤት ጂሚ ጄምስ ደግሞ ሰውየውን የማሰናበቱን ሥራ ለዴቭ ይጥልለታል። የዴቭ ኑሮ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው። ለእህትህ ወይም ለእህትሽ ግን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ሮጋን በዚያ ክፍል የለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የሠራው ሌላ ሰው ነበር፣ ጆ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ መላሽ፦ የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ሲጋራ ስለማቆም የተሠራውን ክፍል እንዳያመልጣችሁ። ቢል (ሃርትማን) ሲጋራ፣ ዴቭ ደግሞ ቡና ለመተው ይስማማሉ። ቡና የቀረበት ሰው ምን እንደሚሆን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም! አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚያወራውን ብቻ አትዩ። ሃርትማን ሲናገር ዞር ብላችሁ ቪኪ ሉዊስን፣ ካንዲ አሌክሳንደርን፣ ሞራ ቲርኒን ተመልከቱ፤ ዝም ብለው እንኳ እየሠሩ ነው። ለእኔ ከሁሉም ስቴፈን ሩት ይበልጣል፤ ጂሚ ጄምስን የመሰለ አለቃ በየትኛውም ሲትኮም አላየሁም። ይህን የመሰለ ቡድን ይዞ የሚገባውን ያህል አለመወራቱ ያናድደኛል። ኤንቢሲ የሚተላለፍበትን ቀንና ሰዓት እየደጋገመ ሲቀያይርበት ተመልካቹ የት ያግኘው?

ሦስተኛ መላሽ፦ ስለ አምስተኛው ልመልስ። ሃርትማን በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. በባለቤቱ እጅ ተገደለ። የአምስተኛው ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ላይ ቢል በልብ ድካም እንደሞተ ተደርጎ ባልደረቦቹ ቢሮ ተሰብስበው ስለ እሱ ያወራሉ። አራተኛው ላይ የለቀቀችው ካንዲ አሌክሳንደርም ለዚያ ክፍል ተመልሳ መጥታለች። ፊታቸውን ስታዩ ትወና ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ይህቺን ክፍል ግድ እዩ። ከዚያ በኋላ የሃርትማን የቅርብ ጓደኛ የነበረው ጆን ሎቪትዝ በአዲስ ገጸ ባሕርይ ይገባል። ጥሩ ተዋናይ ነው፣ ግን የቢልና የዴቭ ጭቅጭቅ ከጎደለ ቢሮው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከአራተኛው በቀጥታ አትግቡበት፣ ጥቂት ቀን አሳርፉት።

አራተኛ መላሽ፦ በጣም ፈጥነው ስለሚያወሩ የግርጌ ጽሑፉን ክፈቱት። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ከኋላ ያለው የሚላት ነገር ናት ብዙ ጊዜ የምታስቀው።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።